አዲስ የመጣች የድመት ልጅ ሌሊት ስታለቅስ ዝም ትባል ወይስ ይኬድላት?

የመነሻ ፖስት

ሰላም ለሁላችሁ። ድመት ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፣ ሌሊት ካለቀሰች ኩሽና ዝጉባትና ተዋት በራሷ ጊዜ ትለምዳለች ይባላል፣ እኔ ግን በዚህ ጭራሽ አልስማማም። ትናንት እናቷ ሆድ ሥር ከእህት ወንድሞቿ ጋር ተደራርባ ስትተኛ የነበረች ፍጥረት ዛሬ ብቻዋን ቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ ሆና ብታለቅስ ቅብጠት አይደለም፣ እናቷን እየጠራች ነው። እኛ ቤት ያለችው ግራጫ ናት፣ ሱቅ ጀርባ ከተወለዱት አንዷ፣ ጎረቤት ለልጄ ብሎ ያመጣት። ቀን ሶፋ ሥር ገብታ መኖሯም አይታወቅ፣ መብራት ስናጠፋ ነው የምትጀምረው። በሩ ሥር ቁጭ ትልና አፍንጫዋን ክፍተቱ ላይ አድርጋ ትጣራለች፣ ድምጿ ቀጭን ሆኖ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዛ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ መልስ ስታጣ እንደገና። ይሄ ዝም ብላ ማዳመጧ ነው አንጀቴን የበላው። ቤታችን ደሞ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ግድግዳው ሳል እንኳን ያሳልፋል፣ የጎረቤትም ነገር አለ። እና የት ትተኛ፣ ማታ መጨረሻ ላይ ምን ትብላ፣ ስታለቅስስ ይኬድላት ወይ? ተዋት የምትሉም ምክንያታችሁን አስረዱኝ።

(መልሱ ስለበዛና አንዳንዱም ስለተሰረዘ፣ በኋላ ለሚገባ ሰው እንዲመች የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እዚሁ አስቀምጫለሁ። የኔንም ሐሳብ መሀል መሀል አስገብቻለሁ።)

መልስ 1
ከደብረ ብርሃን የጻፈች እህት ናት፣ ከሁሉም በፊት ብርዱን ተመልከቺ አለችኝ። የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ሲናገር መስማት ነው። እሷ የምታደርገው ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ መሙላት ነው፣ የፈላ አይደለም፣ እጅ የሚችለው፣ ከዛ ባረጀ ሹራብ እጅጌ ውስጥ ትከተውና ካርቶኑ አንድ ጥግ ላይ ታስተኛዋለች። ግማሹ ካርቶን ባዶ መሆን አለበት፣ ሲሞቃት የምትሸሽበት እንዲኖራት። የካርቶኑንም አፍ ግማሹን በጨርቅ መሸፈን፣ ድመት ጣራ ያለው ነገር ውስጥ ስትሆን ነው ልቧ የሚያርፈው ብላለች። እሷም እንደኔ ማልቀሱን በቅብጠት አላየችውም፣ ግን ስንት ሳምንቷ ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም ያመጣትም ሰው አናውቅም።

መልስ 2
አንድ ወንድም በአጭሩ፣ የእናቶቻችን ድመቶች ማንም ሃይላንድ ሳያሞቅላቸው ነው ያደጉት፣ ድመት አይጥ ትይዝ እንደሆነ ነው የሚጠየቀው ብሎ አለፈ። ብዙ ላይክ አግኝቷል።

መልስ 3
ይሄንን ሁሉም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቀ ልጅ ነው። እድሜዋን ሳታውቁ ስለ እንቅልፍ ማውራት አይቻልም ብሎ ጀመረና እንዴት እንደሚታወቅ በትዕግስት አስረዳ። ሲወለዱ 100 ግራም ገደማ ናቸው፣ ከዛ በሳምንት ወደ 100 ግራም ይጨምራሉ። የፊት ትንንሽ ጥርሶች በ3ኛውና 4ኛው ሳምንት ይወጣሉ፣ የጎኖቹ ይዘገያሉ። ዓይናቸው ደግሞ መጀመሪያ ሁሉም ሰማያዊ ነው፣ እውነተኛው ቀለም መምጣት የሚጀምረው ከ6 እስከ 7 ሳምንት አካባቢ ነው። እኔም ሱቅ ወስጄ ስኳር የሚመዘንበት ሚዛን ላይ በሳህን አስቀመጥኳት፣ ግማሽ ኪሎ ከትንሽ፣ ዓይኗም ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ነው። አምስት ሳምንት አካባቢ ናት ማለት ነው።

እሱ እንደሚለው የድመት ልጅ ከእናቷ መለየት ያለባት ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላት ነው፣ 12 ቢሆን ደሞ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ንክሻ ሲያም መተውን፣ መጫወትን፣ አሸዋ ላይ መጸዳዳትን ከእናትና ከእህት ወንድም ነው የሚማሩት። እናትየዋ ካለች መልሷት ከዛ በ8 ሳምንቷ ውሰዷት አለ። ትክክል ነው። ግን ሄጄ ሳይ እናትየዋ የቀሩትን ይዛ ቦታ ቀይራለች፣ ሰው ሲነካካባቸው እየነከሱ አንድ በአንድ ያሸሿቸዋል። የጎረቤቱ ልብ መልካም ነው፣ ነገር ግን ሰዎች እባካችሁ ድመት ለልጅ ስጦታ ስትሰጡ እድሜዋን ጠይቁ።

መልስ 4፣ 5 እና 6
የወተት ጦርነት። 4 ላይ ያለች እናት ማታ ሞቅ ያለ የላም ወተት ጥግብ አድርገሽ ስጫት ድብን ብላ ትተኛለች አለች። 5 በቁጣ መጣች፣ የላም ወተት ሆዳቸውን ያስቀምጣል፣ በዛ ሰውነት ላይ ተቅማጥ ማለት በአንድ ሁለት ቀን ውሃ ጨርሶ መሞት ነው፣ ስንቱን ቀብሬያለሁ ብላ ጻፈች። 6 ደሞ ገጠር ያደገ ሰው ነው፣ ላም ሲታለብ ድመቷ ሥሩ ቁጭ ብላ እየተረጨላት ነው የምትኖረው ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት፣ ከልጅነቷ ያልተቋረጠባትና ቀን ሙሉ አይጥ የምታድን ድመት ትንሽ ወተት ልትችል ትችላለች፣ እናቷን ገና ያጣች የአምስት ሳምንት ልጅ ላይ ግን የምሞክረው ነገር አይደለም። የመልስ 3 ልጅ ተመልሶ ለድመት ልጆች ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ከተገኘ እሱን፣ ካልተገኘ ደሞ በዚህ እድሜ መብላት ስለጀመረች የተቀቀለ ዶሮ ወይም ሥጋ በደንብ ደቅቆ በመረቁ ለስልሶ በቀን አራት አምስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ አለ። መረቁ ውስጥ ጨው የለ ሽንኩርት የለ ነጭ ሽንኩርት የለ። ይሄን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ጽፎታል፣ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ እኛ ቤት ደሞ የተረፈ ወጥ ፍትፍት ነው የሚወረወርላቸው።

መልስ 7 እና 8
እዚህ ወሬው ወደ ጾም ዞረ። 7 ላይ ያለችው፣ ሁዳዴ 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋም እንቁላልም የለም፣ የኛ ድመት ሽሮ በእንጀራ ትበላለች ምንም አልሆነችም ብላለች። 8 በትህትና አረማት። ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት፣ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ውሎ አድሮ ዓይኗና ልቧ ይጎዳል፣ ያንቺ ደሞ ደህና የሆነችው ውጪ ወጥታ እያደነች ነው፣ ፎቅ ላይ የተዘጋባት ልጅ ግን የምታድነው የላትም አለቻት። ሰፈራችሁ ያለው ሥጋ ቤት በጾም ቢዘጋ የሙስሊም ሥጋ ቤት ክፍት ነው፣ ሳንባም ቢሆን ቀቅሎ መስጠት ይቻላል፣ ሳንባ ብቻውን ግን ሙሉ ምግብ አይሆንም። ጾሙ የሰው ነው የሚለውን ብዙ ሰው ደግፎታል፣ እኔም።

መልስ 9
ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት፣ ረጅም ነው የጻፈችው፣ ከዚህ ሁሉ መልስ ለእንቅልፉ የጠቀመኝ የሷ ነው። አሠሪዎቿ ለልጆቹ ድመት ገዝተው ሌሊት ስትጮህ የምትወቀሰው እሷ ነበረች፣ ክፍሏ ውስጥ እንድትተኛ ተደርጎ ቀን ደሞ ሥራ አለ። እና ድመቷን ቁጭ ብላ አጠናቻት። ቀን ሙሉ ቤቱ ባዶ ሲሆን ትተኛለች፣ ማታ ሁሉም ሲገባ ትነቃለች፣ ሌሊት ያልወጣ ጉልበት አላት። የድመት የተፈጥሮ ሥርዓት ማደን፣ መብላት፣ መላስ፣ መተኛት ነው ትላለች፣ እሷም ይሄንኑ ቅደም ተከተል ለማታ አመጣችው። ከራት ዕቃ በኋላ፣ ማታ 3 ሰዓት ግድም፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ላባ አስራ ወለል ላይ እየጎተተች ታጫውታታለች። አጎታተቱ ላይ ነው ቁም ነገሩ፣ ፊቷ ላይ ማወዛወዝ ሳይሆን ከሷ እያሸሹ፣ ትራስ ኋላ ደበቅ እያደረጉ፣ ልክ አይጥ እንደሚሸሽ። መጨረሻ ላይ እንድትይዘው መተው አለበት፣ ሳትይዝ ካበቃ ንዴቷ ይቀራል። ከዛ ወዲያው የቀኑ ትልቁ ምግብ። በልታ ስትጨርስ መዳፏን ትልሳለች፣ በመዳፏ ፊቷን ትጠርጋለች፣ ያንን ሳይ መብራት አጠፋለሁ ብላለች። ቀን ደሞ ሥራ መሀል ባለፈች ቁጥር ትንሽ ትቀሰቅሳታለች። ስለ ኤሲም ጨምራለች፣ ለሰው ደስ የሚለው ቅዝቃዜ ለድመት ልጅ ብርድ ነው፣ የድመት ሰውነት ጤነኛ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ነው።

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ባልሽው ዓይነት ስናደርግ የኛዋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቻ መንቃት ጀምራለች።

መልስ 10
ላባው በክር ከታሰረ ጨዋታው ሲያልቅ እንጨቱ ከነክሩ ተቆልፎ ይቀመጥ ይላል። የድመት ምላስ ወደ ውስጥ የዞረ እሾህ ስላለው የገባ ክር መትፋት አይሆንላትም፣ ትውጠዋለች፣ አንጀቷን ሰብስቦ ይቆርጣል። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ብቅ ብሎ ቢታይ እንዳትጎትቱ፣ ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

መልስ 11 እና 12
11፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚለውን ጠቅሶ የሌሊት ፍጥረትን ቀን አድርጌ እለውጣለሁ ማለት ድካም ነው አለ። 12 የሌሊት ፍጥረት አይደለችም ብሎ አረመው። የቤት ድመት ዘሯ ፌሊስ ሊቢካ ከሚባለው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፣ የቤት ድመት ደሞ ይበልጥ የምትነቃቃው ማምሻና ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ ችግሩ የሚመጣው በብዛት ንጋት 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ሌሊቱ መሀል ላይ የጠገበችና የደከመች ልጅ ልትተኛ ትችላለች። የድመት ልጅ በቀን 18 ሰዓትና ከዛም በላይ ትተኛለች፣ የእንቅልፍ እጥረት የለባትም፣ ሰዓቱ ነው ከኛ ጋር ያልገጠመው።

መልስ 13፣ 14 እና 15
የዱር ድመት ሲባል ነገሩ ከመስመር ወጣ። አንዱ አቢሲኒያን የሚባለው ዝርያ የኛ ነው፣ እንግሊዞች በመቅደላ ጊዜ ዘርፈው ወስደውት ዛሬ በዶላር ይሸጡታል አለ። 14 በስልት መለሰለት፣ እ.ኤ.አ. ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ከኢትዮጵያ መጣች ተብላ እንግሊዝ አገር የታየች ድመት እንዳለች ይነገራል፣ ስሙም ከዛ ነው፣ ግን የዘረመል ጥናቱ የሚጠቁመው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ነው፣ ኔዘርላንድ ላይደን ሙዚየም ውስጥም ከመቅደላ በፊት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የገባ ተመሳሳይ ድመት ቆዳው ተሞልቶ ተቀምጧል፣ የተጻፈበትም የሕንድ ተብሎ ነው። 13 ተናዶ አንተ አገርህን አትወድም ወደሚል ገባ፣ 15 ደሞ ስለ ታቦትና ስለ ብራና መጻሕፍት ጀመረ። ከመቅደላ የተወሰደው ነገር እኔንም ያንገበግበኛል፣ ግን ለዛ ሌላ ውይይት ይከፈት ብዬ ለመንኩ።

መልስ 16 እና 17
16 ላይ አንድ አባወራ፣ ስትጮህ ውሃ ይረጭባት፣ ወለል ላይ ብትሸና አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ማሸት ነው፣ ባንድ ሳምንት ትስተካከላለች አለ። 17 ያለችው አላሳለፈችውም፣ እጅግ ከባድ ቃላት ተናገረች፣ ግማሹ ተሰርዟል። ቃላቱን አልደግፍም፣ ነጥቧን ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። የተመታች ወይም ውሃ የተረጨባት ድመት የምትማረው መተኛት አይደለም፣ ያንን ሰው መፍራት ነው፣ የፈራች ደሞ አልጋ ሥር ገብታ እዛው ትሸናለች። ለሽንቱ መፍትሔው ሌላ ነው፣ ዝቅ ያለ ሳፋ ወይም ከፍ ያለ ጠርዝ የሌለው ትሪ፣ ውስጡ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ፣ ከምትበላበት ራቅ ብሎ፣ ሌሊት ግን ከምትተኛበት ቅርብ። ከበላች በኋላ እዛ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ትንሽ ጫር ጫር ታደርግና ይገባታል።

መልስ 18
የመልስ 2 ሰውዬ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ግን ቁም ነገር ይዞ። በጮኸች ቁጥር ከሄድሽ መጮህ እንደሚሠራ እያስተማርሻት ነው፣ ነገ አድጋ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ምግብ ብላ ስትቀሰቅስሽ ትዝ እልሻለሁ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልስ 19
መልሱ የመጣው እስራኤል ነታንያ ከምትኖር እህት ነው። እዛ ጎዳናው ሁሉ ድመት ነው፣ እሷም ቤቷ እያስገባች አሳድጋ ለሰው ትሰጣለች። ለቅሶው ሁለት ዓይነት ነው አለች፣ መለየት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ለቅሶ የፍርሃት ነው፣ ሙቀትም ሰውም ሽታም ስለጠፋባት ነው፣ ለዚህ ቅርብ መሆን እንጂ ትምህርት አያስፈልግም፣ የፈራ ሕፃን ብቻውን ሲተው አይረጋጋም፣ ይደክመዋል እንጂ። ካርቶኗን ከአልጋሽ አጠገብ አድርጊው፣ ስታለቅስ እጅሽን አውርደሽ እንድታሸተው አድርጊ፣ የለበስሽውን ቲሸርት ውስጡ ክተቺላት፣ ግን መብራት አታብሪ አትጫወቺ ምግብም አታምጪ። ሁለተኛው ለቅሶ ከሳምንታት በኋላ፣ ቤቱን ከለመደች፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ መሄድ ከጀመረች በኋላ የሚመጣው ነው፣ ተነሺና አጫውቺኝ የሚል። እሱን ነው መልስ 18 እንዳለው በዝምታ ማለፍ፣ ምግቡንም እንደነቃሽ ወዲያው አለመስጠት፣ መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢ። ካርቶኑ ደሞ በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እየራቀ እስከፈለግሽው ቦታ ይሄዳል። ከተቻለ ሁለት አብረው የተወለዱ ማሳደግ ይሻላል፣ ተቃቅፈው ይተኛሉ፣ ሌሊትም እርስ በርስ ነው የሚጫወቱት።

እኔ ከመነሻው ልል የፈለግኩትን ከኔ በተሻለ አስቀምጣዋለች። መልስ 18ም ላይክ አድርጎላታል፣ ይሄ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

መልስ 20 እና 21
አንዲት ነፍሰ ጡር እህት፣ ድመት ጽንስ ያስወርዳል ተብዬ ልጥላት ነው ብላ በጭንቀት ጻፈች። 21 ነርስ ናት፣ አትጣያት አለቻት። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጽንስ የሚጎዳ ጥገኛ ተውሳክ እንቁላሉ ከድመት ዓይነ ምድር ከወጣ በኋላ የሚያስተላልፈው ከ1 እስከ 5 ቀን ሲቆይ ነው፣ ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ይጠረግ፣ ጠራጊው ደሞ ባልሽ ይሁን፣ እሱ ከሌለ በጓንት። ጥሬ ሥጋና ያልታጠበ አትክልት ሌላው መተላለፊያ ነው፣ ጥሬ ክትፎ እየበሉ ድመት ማባረር ስህተት ነው፣ ለክትትል ስትሄጂ ሐኪምሽን አማክሪ ብላታለች። ባልየው ይሄን ውይይት ማንበቡን አልጻፈችም፣ አስነብቢው።

መልስ 22
ልጄን የጎዳና ድመት ልጅ ቧጭራና ነክሳው ቁስሉን ነጭ ሽንኩርት ቀባሁት ያለ አባት ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም ጮህንበት፣ የመልስ 3 ልጅም ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ቁስሉ በሚፈስ ውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ያኔውኑ ጤና ተቋም ይኬድ፣ ጠበሉም ከክትባቱ ጋር ይሁን። ሰውየው በማግስቱ ሄደው ክትባት እንደተጀመረለት ጻፈ። ለድመቷ ክትባቱ በ3 ወሯ ነው፣ እስከዛ ድረስ ልጆች በእጃቸው እንዳያጫውቷት፣ በእንጨቱ በላባው።

መልስ 23
ቁንጫ አስቸገራት ያለችው ልጅ ለውሻ የተገዛ መድኃኒት ልታደርግላት ነበር፣ 3 ደርሶ አስቆማት። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል፣ ለሰው ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞልም እንደዛው፣ ግማሽ ፍሬ እንኳን። ለጊዜው በቅርብ ጥርስ ማበጠሪያ አበጥሮ ቁንጫውን ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ መክተት ነው፣ ድዷ ነጭ ከሆነ ግን ደሟን ጨርሰውታል፣ በአስቸኳይ ሐኪም።

መልስ 24
የመጨረሻው የጠየቀኝ፣ ስለ ልጅቱ ይሄን ሁሉ አወራን፣ ሱቅ ጀርባ ያለችው እናትስ ብሎ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ድመት ጽንሷን የምትሸከመው ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው፣ እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች፣ ሴቷ ልጅም ከ4 ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፣ ካልተመከነች ዓመት ሳይሞላ ያ ግቢ ይሞላል፣ ከዛ አንዱ የአይጥ መርዝ ይረጫል። እናትየዋን ባለሱቁ ከቆርቆሮው ክምር ኋላ አይቷታል፣ ሦስት ልጆች ይዛለች። እነሱ ጡት እስኪጥሉ እየመገብናት እንቆያለን፣ የማምከኑን ወጪ ከባለሱቁ ጋር ልንካፈል ተስማምተናል። አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ድመት በደንብ አደንዝዞ የሚያመክን፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም አንድ ሁለት ሌሊት የሚያቆይ ሐኪም የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ከሦስቱ አንዷን የሚወስድ ካለም ከአሁኑ ይንገረኝ፣ የምንሰጠው ግን 8 ሳምንት ሲሞላቸው ነው።